አለ ካልክ አሳየኝ፦ ኢንቱሽኒስት የሚለው ቃል ከየት መጣ

በእንግሊዝኛ የሒሳብ ፍልስፍና መጻሕፍት ውስጥ «ኢንቱሽኒስት» የሚባል ሰው ደጋግሞ ይነሣል። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ አንባቢ «ኢንቱሽን» የምትለዋን ግንድ ይይዝና ልቡ የነገረውን የሚያምን፣ ስሌቱ ሳያልቅ መልሱ የሚመጣለት፣ በደመ ነፍስ የሚራመድ ሊቅ ይመስለዋል። ገጹን ሲገልጥ የሚያገኘው ሰው ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው ሁላችንም ያለ ክርክር የምንቀበለውን የሎጂክ ሕግ «አላረጋገጥክልኝም» ብሎ ይመልሳል፤ ባልደረቦቹ «እንዲህ ያለ ቁጥር መኖሩ ተረጋግጧል» ሲሉት «የታለ? አምጣና አሳየኝ» ይላል። ከሒሳብ ሰዎች ሁሉ ማረጋገጫ አጥብቆ የሚጠይቀው ሰው፣ ስሜቱን የሚከተል የሚያስመስል ስም ተሸክሞ ይኖራል።

ስሙ በስህተት የወጣ ይመስላል። የቃሉን ታሪክ ወደ ኋላ ተከትዬ ስሄድ የደረስሁበት ግን ሌላ ነው፤ ከመነሻው የራቀው በየዕለቱ የምንሰማው «ኢንቱሽን» ነው፣ የሒሳቡ ከመነሻው ብዙም አልራቀም። ይህን ለማሳየት ከሮማውያን መጀመር ይኖርብናል። በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ላቲን «ቱኤሪ» የሚል ግስ አለው። ማየት ማለት ነው፤ ዓይንን ሳይነቅሉ ማየት፣ ስለዚህም መጠበቅ፣ መንከባከብ። ተማሪዎቻችን «ቱቶር» የሚሉት አስጠኚ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው፤ ጠባቂ፣ ሞግዚት እንደ ማለት። የኮሌጅ ክፍያ በእንግሊዝኛ «ቱዊሽን» የሚባለውም ከዚሁ ተወልዶ ነው፤ መጀመሪያ ጥበቃ ነበር፣ ከዚያ ማስተማር ሆነ፣ በመጨረሻ የማስተማሪያው ዋጋ። በ«ቱኤሪ» ላይ «ኢን» የሚል መነሻ ሲጨመር «ኢንቱኤሪ» ይሆናል፦ ወደ አንድ ነገር ትኩር ብሎ መመልከት። ከዚህ ግስ የወጣው ስም «ኢንቱዊሲዮ» ነው፤ እንግሊዝኛ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲቀበለው ትርጉሙ መመልከት፣ ማስተዋል ነበር። በግዕዝ ለዚህ በጣም የሚቀርበው «ነጸረ» ነው፤ ዓይናችን ላይ የምናደርገው መነጽር ስሙን ያገኘበት ግስ። በመነሻው ላይ ግምት የለም፣ ስሜት የለም፣ ደመ ነፍስም የለም። ፊት ለፊት ያለን ነገር ማየት ብቻ ነው።

የቃሉ ጭራ ደግሞ ከግሪክ የመጣ ነው። ግሪኮች አንድን ድርጊት የሚያደርገውን ሰው በ«ኢስቴስ» ይጠሩ ነበር፤ «ባፕቲዘይን» ማጥመቅ ከሆነ «ባፕቲስቴስ» አጥማቂው ነው። ላቲን «ኢስታ» አለው፣ ፈረንሳይኛ «ኢስት» ብሎ አሳጠረው፣ እንግሊዝኛም ወረሰው። በመንገድ ላይ ትርጉሙ ሰፋ፤ አድራጊውን ብቻ መሰየሙ ቀርቶ የአንድ አስተሳሰብ ደጋፊንም የሚሰይም ሆነ። አማርኛ አንባቢ ይህን ጭራ ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያሻውም። ፋሺስት፣ ሶሻሊስት፣ ማርክሲስት እያለ ከነጓዙ ተቀብሎታል፤ የራሳችን ቋንቋ ለዚህ ሥራ «ባይ» የምትለውን ቃል ይዞ ሳለ።

«ኢንቱሽን» የፈላስፎች ቃል የሆነው በመካከለኛው ዘመን ነው። በ1308 ያረፈው ስኮትላንዳዊው መነኩሴ ደንስ ስኮተስ እውቀትን ለሁለት ከፈለ። አንዱ ነገሩ በሌለበት ስለ ነገሩ የምናስበው ነው። ሌላው ነገሩ በፊታችን ቆሞ በህልውናው የምናውቀው ነው፤ ይህንን ከ«ኢንቱኤሪ» ባወጣው ቅጽል ጠራው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ሬኔ ዴካርት «ኢንቱዊቱስ»ን ለአእምሮ ሕግጋቱ መነሻ ሲያደርግ ቃሉን በትምህርት ቤቶቹ ልማድ ሳይሆን በላቲን ትርጉሙ እንደሚወስደው ለይቶ ተናገረ፤ የሚያታልለውን የስሜት ሕዋሳት ምስክርነትም ከውስጡ አወጣ። ለእርሱ ኢንቱሽን ንጹሕና ንቁ አእምሮ ጥርጣሬ እስከማይቀርበት ድረስ የሚያየው ነገር ነው። ሦስት መስመር ያሉት ቅርጽ ሦስት ማዕዘን መሆኑን ማየት አንዱ ምሳሌው ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ሎክም በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በዚሁ መንገድ ሄደ፤ ከእውቀት ዓይነቶች ሁሉ የበላዩን በዚህ ቃል ጠርቶ ዓይን ብርሃንን እንደሚያይ ያህል ቀጥተኛ አደረገው።

ከዚያ ካንት መጣ። እዚህ ላይ ቀስ ማለት አለብን፤ ያለ እርሱ የሒሳቡ ኢንቱሽኒስት ሊገባን አይችልም። ኢማኑኤል ካንት በ1781 ባሳተመው ታላቅ ሥራው የተጠቀመበት የጀርመንኛ ቃል «አንሻውንግ» ነው፤ «አንሻወን» መመልከት ማለት ነው። በላቲን ሲጽፍ «ኢንቱዊቱስ» ይለው ስለ ነበር የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎቹ «ኢንቱሽን» ብለው መለሱት። በካንት አስተምህሮ አእምሯችን ዓለምን የሚቀበልባቸው ሁለት የመመልከቻ መልኮች አሉት፤ ቦታና ጊዜ። ጂኦሜትሪ በመጀመሪያው ላይ ይቆማል፤ ቁጥር ደግሞ አንዱን ከአንዱ እያስከተልን ስንቆጥር ከምናልፍበት ጊዜ ጋር የተሳሰረ ነው። ሰባትና አምስትን ስንደምር አሥራ ሁለት የሚመጣው ቃላቱን በመፈልፈል አይደለም፤ በአእምሯችን እየቆጠርን ድምሩ ሲሠራ ስለምናየው ነው ይላል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ቃሉ ወደ ሥነ ምግባር ክርክር ገባ። ደግና ክፉን ያለ ስሌት በቀጥታ እናውቃለን የሚሉት ወገኖች ኢንቱሽኒስት ወይም ኢንቱሽናሊስት ተባሉ፤ ጆን ስቱዋርት ሚል የዕድሜውን ትልቅ ክፍል እነርሱን በመሞገት አሳለፈ። ለእኛ ጉዳይ ይህ ብዙ አይጨምርም፤ ቃሉ «ከውስጥ የሚመጣ ድምፅ» የሚል ጥላ ያጠላበት አንዱ በር መሆኑን ብቻ እንያዝ።

ወደ ሒሳብ የገባበት መንገድ የሚገርም ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ ሁለተኛው የመጣውም ከመጀመሪያው ጋር የማይተዋወቅ ሰው ሆኖ ነው። በ1893 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተካሂዶ ነበር። ከጀርመን የተጋበዘው ፌሊክስ ክላይን ከኤግዚቢሽኑ ጋር ከተካሄደው የሒሳብ ጉባኤ ቀጥሎ በአቅራቢያው ባለችው በኤቫንስተን ከተማ 12 ንግግሮችን በእንግሊዝኛ አደረገ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ታተሙ። በመጀመሪያው ንግግሩ የሒሳብ ሰዎችን በሦስት መደባቸው፦ ሎጂሺያን፣ ፎርማሊስትና ኢንቱሽኒስት። የመጨረሻዎቹን በጂኦሜትሪያዊ እይታ የሚተማመኑ፣ የትኛውንም የሒሳብ ጥያቄ ወደ ሥዕል የሚለውጡ አድርጎ ገለጣቸው። አብነቱም የፊዚክሱ ሎርድ ኬልቪንና ጀርመናዊው ፎን ሽታውት ነበሩ። ከሰባት ዓመት በኋላ አንሪ ፖንካሬ በፓሪስ የሒሳብ ጉባኤ ላይ ተመሳሳይ ክፍፍል አቀረበ። በሁለቱም ዘንድ ጉዳዩ የጠባይ ነው። አንዱ ሰው በሥዕል ያስባል፣ ሌላው በቀመር፤ የሚያምኑት ሒሳብ ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ አምስተርዳም እንሻገር። ሎይትዘን ብራወር በ1881 የተወለደ ኔዘርላንዳዊ ነው። በ1907 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስለ ሒሳብ መሠረቶች ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የሎጂክ መርሆች ሁልጊዜ እንደማይታመኑ የሚከራከር ጽሑፍ አወጣ። ጥቅምት 14 ቀን 1912 በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት መግቢያ ንግግሩን ሲያደርግ ርዕሱ «ኢንቱሽኒዝምና ፎርማሊዝም» ነበር። በአምስተርዳም ተወልዶ በአሜሪካ ያስተምር የነበረው አርኖልድ ድሬስደን ንግግሩን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፣ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር መጽሔትም በኅዳር 1913 አተመው። ክላይን ለኬልቪን የሰጠው ስም ለአዲስ ወገን የተላለፈው በዚህ ትርጉም ነው።

በንግግሩ ውስጥ ብራወር የሁለቱን ወገኖች ልዩነት በአንድ ጥያቄ ይለየዋል፦ የሒሳብ ትክክለኛነት የሚኖረው የት ነው? ፎርማሊስቱ ወረቀት ላይ ባሉት ምልክቶች ይላል፤ ኢንቱሽኒስቱ በሰው አእምሮ ውስጥ። ከካንት የወረሰውንና የጣለውንም አልደበቀም። ከሎባቼቭስኪና ከቦያይ ወዲህ ከዩክሊድ ውጭ ያሉ ጂኦሜትሪዎች ስለ ተገኙ ቦታ ከአእምሮ ጋር የተሰጠ መልክ ነው ማለት አይቻልም፤ ብራወር ይህንን ተወው። ጊዜን ግን ከካንት ይልቅ አጠበቀው። አንድ ቅጽበት ሲያልፍና ሌላ ሲተካው፣ ያለፈውም በትውስታ ሲቀር፣ አእምሮ «አንድ፣ ከዚያም ሌላ» የሚለውን ያያል። ከዚህ ሁለትነት ቁጥሮች ሁሉ ይወጣሉ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ማብቂያ በሌለው መንገድ። ኢንቱሽን ማለት ለብራወር ይህ ነው፤ የሚሠራውን ነገር ሲሠራ ማየት። ንግግሩ አቋሙን «ኒዮ-ኢንቱሽኒዝም» የሚልበት ቦታ አለ፤ ከቀደሙት ራሱን መለየቱ ነበር። «ኒዮ»ው ቶሎ ወደቀ፣ ግራ መጋባቱ ግን እንዳለ ቀረ።

ከዚህ አቋም የሚከተለው ከባድ ነው። ሒሳባዊ ነገር ያለው በአእምሮ ውስጥ ሲሠራ ብቻ ከሆነ፣ «አለ» ለማለት መሥራት ወይም መሥሪያውን መንገድ ማሳየት ግድ ነው። በባላገር ሙግት «ምስክር ቁጠር» የተባለ ሰው ምስክር አለኝ ብሎ መቀመጥ እንደማይችል ሁሉ፣ ኢንቱሽኒስቱም ባለጋራውን ምስክር ያስቆጥረዋል። ዛሬ በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ሊቃውንት የአንድን ነገር መኖር የሚያረጋግጠውን ቁጥር በእንግሊዝኛ የሚጠሩትም «ምስክር» ብለው ነው።

ፓይን እንውሰድ፤ የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር። 3.14159 ብሎ ይጀምርና ከነጥቡ በኋላ አሃዞቹ ማብቂያ የላቸውም። በእነዚህ አሃዞች መካከል 0123456789 በተከታታይ ይገኛልን? የአርስቶትል ተማሪ የሆንን ሁላችን «ወይ ይገኛል ወይ አይገኝም፣ መሃል የለም» እንላለን። ብራወር ይህን አልቀበልም አለ። ይገኛል ለማለት ቦታውን አሳየኝ፤ አይገኝም ለማለት መገኘቱ እንደማይቻል አረጋግጥልኝ፤ ሁለቱም በእጅህ ከሌሉ ከሁለቱ አንዱ እውነት ነው የምትለው በምን አይተህ ነው? ቁጥራቸው የተወሰኑ ነገሮችን አንድ በአንድ ፈትሾ መጨረስ ስለሚቻል እዚያ ሕጉ ይሠራል። መጨረሻ በሌለው ላይ ግን ፈትሾ የጨረሰ የለም። ጥያቄው ብራወር ካረፈ ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ በጃፓን በያሱማሳ ካናዳ የሚመራው ቡድን በኮምፒውተር መልስ አገኘለት፤ ተከታታዩ ከ17,387,594,880ኛው አሃዝ ጀምሮ ይገኛል። ይህ ብራወርን አያሸንፈውም። እንዲያውም የጠየቀው ምስክር ነበር፣ ቀረበለት። ምሳሌው ቢያረጅ ማንም ሰው ረጅምና ያልታየ ሌላ ተከታታይ በቦታው መተካት ይችላል።

ሌላ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ሕጉ በማረጋገጫ ውስጥ እንዴት ሾልኮ እንደሚገባ በግልጽ ስለሚያሳይ። በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይነት ሊጻፍ የማይችል ቁጥር ኢራሽናል ይባላል። አንዱን ኢራሽናል በሌላ ኢራሽናል ፓወር ብናነሣው ራሽናል የሚሰጥበት ጊዜ አለ? የ2ን ስኩዌር ሩት ውሰዱና በራሱ ፓወር አንሡት። ውጤቱ ራሽናል ከሆነ የፈለግነው ተገኘ። ካልሆነ ያንን ውጤት እንደገና በ2 ስኩዌር ሩት ፓወር አንሡት፤ ልክ 2 ይመጣል፣ አሁንም ተገኘ። አብዛኛው የሒሳብ መምህር ይህን እንደ ውብ ማረጋገጫ ያስተምረዋል፣ በእርግጥም ውብ ነው። ኢንቱሽኒስቱ ግን ሰምቶ ሲጨርስ «ስለዚህ የትኛው ነው?» ይላል፤ ማረጋገጫው መልስ የለውም። መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ በ1934 በገልፎንድና በሽናይደር የተረጋገጠው ከባድ ቲዎረም የመጀመሪያው ውጤት ኢራሽናል መሆኑን ያሳያል። በአምስት መስመር ያለቀ የመሰለው ነገር በውስጡ ምን ያህል ሥራ ደብቆ እንደ ነበር እዚህ ላይ ይታያል። እኔ በግሌ ከኢንቱሽኒስቶቹ ጎን የምቆመው በዚህች «የትኛው?» ምክንያት ነው። የሒሳብን አንድ ሦስተኛ አስጥሉ ባይ ሁሉ ትክክል ነው አልልም፤ ጥያቄዋ ግን ሐቀኛ ናት።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት ግን ጥያቄዋን እንደ ጥቃት አየ። የራሱ ተማሪ የነበረው ሄርማን ቫይል በ1921 ከብራወር ጎን መሰለፉን በአደባባይ ሲያውጅ ቁጣው በረታ። «መሃል የለም» የሚለውን ሕግ ከሒሳብ ሰው መንጠቅ ከከዋክብት ተመራማሪ ቴሌስኮፑን፣ ከቦክሰኛ ጡጫውን መንጠቅ ነው እስከ ማለት ደረሰ። በ1928 ሂልበርት ብራወርን ከታዋቂው «ማቴማቲሽ አናለን» መጽሔት አዘጋጅ ቦርድ አስወጣው። ከዋና አዘጋጆቹ አንዱ የነበረው አልበርት አንስታይን ጠቡን የእንቁራሪቶችና የአይጦች ጦርነት ብሎ ወገን ሳይዝ ቀረ። ብራወር ክፉኛ ተጎዳ፤ ለዓመታት ዝም አለ።

ስሙን በሕይወት ያቆየው ተማሪው አሬንድ ሃይቲንግ ነው፤ ያቆየውም ብራወር በማይወደው መንገድ ነበር። ሒሳብ ቋንቋ የማያሻው የአእምሮ ሥራ ነው ለሚል መምህር ተማሪው በ1930 የኢንቱሽኒስቶችን ሎጂክ በምልክትና በሕግ ጽፎ አሳተመለት። ብራወር ለዚህ ብዙ ዋጋ አልሰጠም። ሌላው ዓለም ግን ኢንቱሽኒስት ምን እንደሚል ማንበብ የቻለው ያን ጊዜ ነው። በሞስኮ አንድሬይ ኮልሞጎሮቭ ይህንኑ ሎጂክ እንደ ጥያቄና መፍትሔ አነበበው፦ «ይህ ወይም ያ» ማለት የአንዱን መፍትሔ፣ የትኛው እንደ ሆነም ጭምር፣ መስጠት ነው። እንግሊዝኛም ቃሉን ለሁለት ከፈለው፤ ሰውየው ኢንቱሽኒስት፣ ሎጂኩ ኢንቱሽኒስቲክ ተባለ።

በ1967 አሜሪካዊው ኤሬት ቢሾፕ «አሳየኝ» በሚለው መርህ ብቻ የካልኩለስን ከፍተኛ ክፍል ሠርቶ አሳየ፤ የብራወርን ስም ግን አልወሰደም። ሥራውን «ኮንስትራክቲቭ» አለው፤ ላቲኑ ደራርቦ መገንባት ማለት ነው። ዛሬ «ኮንስትራክቲቪስት» ሰፊው ስም ሆኖ ኢንቱሽኒስት የብራወርን ተከታዮች ለይቶ የሚጠራ ጠባብ ስም ሆኗል። ሎጂኩ ግን የድሮ ስሙን አልጣለም። ስዊድናዊው ፔር ማርቲን-ሎፍ በ1984 ያሳተመው መጽሐፍ «ኢንቱሽኒስቲክ ታይፕ ቲዎሪ» ይባላል፤ በዚህ ሎጂክ ማረጋገጫ ማለት የተባለውን ነገር ሠርቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ስለ ሆነ፣ ማረጋገጫን መስመር በመስመር የሚመረምሩ የኮምፒውተር ሥርዓቶች በዚህ ቤተሰብ ሐሳብ ላይ ተሠሩ። በፈረንሳይ የተወለደውና በዚያ ጊዜ «ኮክ» ይባል የነበረው ከእነርሱ አንዱ ነው፤ ማንኛውም ካርታ አጎራባች አገሮችን በተለያየ ቀለም ለመለየት አራት ቀለም እንደሚበቃው የሚለው ቲዎረም በ2005 በእርሱ ተመርምሮ ጸደቀ።

እንግዲህ ይህን ቃል ወደ አማርኛ ለምትመልሱ መምህራንና ተርጓሚዎች አንድ ልመና አለኝ። «ኢንቱሽን»ን በደመ ነፍስ ወይም በልብ ግምት መተርጎም ስለ ዕለት ተዕለት ወሬ ሲሆን ያስኬዳል፤ ስለ ዴካርት፣ ስለ ካንት፣ ስለ ብራወር ሲሆን ግን ሐሳቡን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ቋንቋችን መሣሪያው አለው። ጀርመንኛው «ቬልታንሻውንግ» የሚለውን፣ ማለትም የካንትን «አንሻውንግ» በውስጡ የያዘውን ቃል፣ እኛ «ንጽረተ ዓለም» ስንለው ኖረናል። ከዚያው ላይ «ንጽረት» ብላችሁ ውሰዱ፤ ብራወርንም ንጽረታዊ በሉት። ይህ ለጆሮ ከከበዳችሁ ኢንቱሽኒስትን እንዳለ በፊደላችን ጻፉት፤ ደመ ነፍስን ግን አታስጠጉበት።